እናቴ መሃል የቆመችባቸው ፎቶዎች

የእምቢታው ደብዳቤ የደረሰኝ ክፍል ልገባ ስል ነው። አሰላ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ስልኬ ላይ ከፍቼ አነበብኩት። ከፈረንጁ ባለቤቴ ጋር አገሩ ሄጄ እንድኖር ያቀረብነው ማመልከቻ «የትዳሩ እውነተኛነት በበቂ ማስረጃ አልተረጋገጠም» ተብሎ ውድቅ ሆኗል። የዚያን ቀን ምን እንዳስተማርኩ እኔም ተማሪዎቼም አናውቅም።

ባለቤቴ የመጣው ዋግ የሚባለውን የስንዴ በሽታ ሊያጠና ነበር። መጀመሪያ ያሰብነው እሱ እዚሁ እንዲቀር ነው። ግን ውሉ ሲያልቅ የሥራ ፈቃዱም አብሮ አለቀ። አዲስ ቀጣሪ ፈልግ፣ ይህን አሳድስ፣ ያንን አምጣ ሲባል ከርሞ ተሰላችቶ አገሩ ገባ። «እንግዲያው እኔ ልምጣ» አልኩት፤ ይሄኛው የሚቀል መስሎን። የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ትርጉሙ፣ የትርጉሙ ማረጋገጫ፣ የማረጋገጫው ማህተም። አዲስ አበባ ስንቴ እንደተመላለስኩ መቁጠር ትቻለሁ። ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶ የጣለን ፎቶ ነው።

ለቃለ መጠይቅ ኤምባሲያቸው የተጠራሁ ቀን ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠችው ሴት ፎቶዎቼን አንድ በአንድ ገለጠች።

«እዚህ መሃላችሁ የቆመችው ማን ናት?»

«እናቴ ናት።»

«እዚህስ?»

«እናቴ።»

«እዚህኛው ላይ?»

«እሷው ናት።»

ምን ልበላት? ሳጉሬ ባለው በወላጆቼ ቤት፣ ያልተጋቡ ሰዎች ተጠጋግተው ፎቶ አይነሱም። ሽማግሌ ተልኮ እሺ ከተባለም በኋላ፣ ካሜራ በወጣ ቁጥር እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ መሃላችን ትገባለች። በሠርግ ቀን ደግሞ ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች፤ ጥርሷ ከታየ «ቸኩላ ነበር» ትባላለች። እኔም እንደ ደንቡ ደፍቼ ዋልኩ። ሴትየዋ ያንን ፎቶ ይዛ «ተገደሽ ነው ያገባሽው?» አለችኝ።

የሚያንገበግበኝ ግን የራሴ ጥፋት ነው። አንድ ፎቶ ነበረን። ከሠርጉ በኋላ ጢቾ ሄደን ዝናብ ያዘን፤ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልለን፣ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰን፣ ጉንጭ ለጉንጭ ሆነን በእኔ ስልክ የተነሳነው። ማመልከቻውን ሳዘጋጅ እናቴ አጠገቤ ነበረች።

«ይሄንን ደግሞ ለመንግሥት ልታሳዪ ነው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው ብዬ አመንኩ። ቢሮ የሚገባ ፎቶ ጨዋ መሆን አለበት። አፍሬ ከነጭራሹ አጠፋሁትና ጨዋ ጨዋዎቹን መርጬ አስገባሁ። ጨዋነቴን በገዛ እጄ በራሴ ላይ ማስረጃ አድርጌ አቀረብኩላቸው።

ባለቤቴ ለሁለት ሳምንት ፈቃድ ሲመጣ ሳጉሬ ሄደን፣ የጣለን ፎቶው እንደሆነና ሌላ ፎቶ ጨምረን እንደገና ልናመለክት እንዳሰብን ለእናቴ ነገርናት።

«ባልና ሚስት መሆናችሁን ለማመን ተቃቅፋችሁ ማየት አለባቸው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«የሚገርሙ ሰዎች ናቸው» አለችና ስልኬን ከእጄ ወሰደች። ከቤቱ ጀርባ ገብሱ ዳር አቆመችን።

«ጠጋ በሉ።»

ትንሽ ተጠጋን።

«እንዲህ ነው እንዴ ባልና ሚስት? እቀፋት እንጂ፣ ልጄ።»

ስንት ዓመት በእሷ ፊት እጁን ኪሱ ከትቶ መቆም የተማረው ባለቤቴ ግራ ገብቶት አየኝ። ከዚያ አቀፈኝ። እናቴ ደጋግማ አነሳችን። ስታበቃ ስልኩን ወዲያው አልመለሰችልኝም፤ ፎቶውን ቆማ ታየው ጀመር።

«አሁን ይሄ ይበቃቸዋል?»

«ይበቃቸው ይሆናል።»

«ስለዚህ ትሄጃለሽ።»

ስልኩን በገብሱ ዳር ሲያልፍ ለነበረ ጎረቤታችን ሰጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እንደ ድሮው መጥታ መሃላችን ገባች።

«አንድ ደግሞ እኔ ያለሁበት ይነሳ» አለች። «እሱን ግን እንዳትልኪላቸው።»