እህቴ በምክር ቤቱ ፊት ልጇን ያስፈቀደች ዕለት

ታላቅ እህቴ ሰላምታ ማሳጠር አታውቅም። ስልክ ስትደውል የታመመውን፣ የወለደችውን፣ መንገድ የሄደውን ሁሉ ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይዋ አትገባም። እኔ ደግሞ ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር ስገፋ የምውል ሰው ነኝ፤ አውሮፕላን ሊያመልጠው የደረሰ መንገደኛ ይዤ ስሮጥ ትዕግሥቴ እዚያው አልቆ ይቀራል። "ኧረ ወደ ነገሩ ግቢ!" እላታለሁ። "የሰው ደኅንነት ነገር አይደለም እንዴ?" ትለኛለች።

በስቴቱ ምክር ቤት ፊት ቀርባ ልትናገር እንደሆነና አስተርጓሚዋም እኔ እንደምሆን ስትነግረኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ሰላምታዋን ነው።

ጉዳዩ የልጇ ነበር። እዚሁ ያደገ ሳቂታ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ አእምሮውን ታመመ። ጠበል ወሰድነው። ከዚያ መድኃኒትም ቤትም አሻፈረኝ ብሎ አንድ ክረምት ሙሉ ኦሮራ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ውጭ አደረ። ቤተ ክርስቲያን "ልጁ የት ጠፋ?" ሲሉን "ለሥራ ሌላ ስቴት ሄዷል" እንል ነበር፤ ይቺን ውሸት ቤተሰቡ ሁሉ እኩል አጥንቷት ነበር። በመጨረሻ ፖሊስ ወሰደው፤ ዳኛም ቤቱ እየኖረ እንዲታከም አዘዘ። የትእዛዙ ጊዜ ካለፈ በኋላም ሕክምናውን ቀጠለ። አሁን ሞንትቤሎ ሰፈር ከእናቱ ጋር እየኖረ ሌክውድ አንድ ዳቦ ቤት ይሠራል። እህቴ "ልጄን ያተረፈልኝ ያ ትእዛዝ ነው" ትላለች። እሱ ግን የሚያስታውሰው ካቴናውን ነው።

የቤተሰብ ሰው በቀጥታ ፍርድ ቤት ሄዶ እንዲህ ያለ የሕክምና ትእዛዝ እንዲጠይቅ የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ ቀርቦ፣ አስተያየት ያለው ይምጣ ተባለ። እህቴ ተመዘገበች። ልጇ ሲሰማ እራቱን ትቶ ተነሣ።

"ማማ፣ የእኔን ስቶሪ እዚያ ከተናገርሽ፣ አይ ስዌር፣ ሙቭ አውት አደርጋለሁ።"

ቀልዱን እንዳልሆነ ሁለታችንም አውቀናል። ከዚህ በፊት ከቤት ሲወጣ የት እንዳደረ እናውቃለንና። እህቴ ግን "እንደኔ የተቸገረች ሌላ እናትስ?" ብላ ሐሳቧን አልለወጠችም። በማግሥቱ ወደ ምክር ቤቱ ልንሄድ መኪና ሳስነሣ ልጁ ከኋላ ገብቶ ተቀመጠ። "ምን እንደምትይ መስማት አለብኝ" አላት።

ዴንቨር መሀል ፓርኪንግ ፍለጋ ስዞር ውዬ ደረስን። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለች መብራት ቀይ ስትሆን ማቆም ነው። ልጁ ጃኬቱን እንደለበሰ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የእኛ ተራ ደረሰና እህቴ ነጠላዋን አስተካክላ ጀመረች።

"ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ? ልጆቻችሁ ደኅና ናቸው? እናት አባት ያላችሁ፣ ደኅና ናቸው? የተቀመጣችሁበትን ወንበር እግዚአብሔር ይባርክላችሁ..."

"ጉድ አፍተርኑን" ብዬ ተረጎምኩ።

ዞራ አፈጠጠችብኝ። "ይኼን ሁሉ ተናግሬ ይቺ ብቻ? በደንብ ንገሪያቸው እንጂ!"

ምን አደርጋለሁ፣ ነገርኳቸው። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው ልጆቻቸው ደኅና እንደሆኑ መለሱ። መብራቷ ቢጫ ሆነች።

"እኔ አንድ ልጅ አለኝ" አለች እህቴ። ከዚያ ወንበሯ ላይ እንዳለች ወደ ኋላ ዞረች።

"ልጄ፣ ልናገር?"

እኛ ቤት ልጅን ማስፈቀድ የሚባል ነገር የለም። እኔንም እሷንም ትምህርት ቤት ሲያስገቡን፣ ጠበል ሲወስዱን፣ ሲድሩን ማንም አልጠየቀንም። እሷ ግን እንግዳ ሰው በሞላበት አዳራሽ፣ ጊዜዋ እያለቀ፣ ልጇን አስፈቀደች።

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። አይሆንም።

እህቴ ወደ ሰብሳቢዋ ተመለሰች። "ታሪኩ የእሱ ነው፤ አልፈቀደልኝም። ስለዚህ የራሴን ልንገራችሁ። ያን ክረምት ማሞቂያዬን አጥፍቼ ነበር የምተኛው። ልጄ ብርድ ላይ እያደረ እኔ መሞቅ አልቻልኩም። አሁንም ማታ ማታ እጄ ሄዶ ያጠፋዋል። የማንኳኳው በር አጥቼ ነው ፖሊስ የጠራሁት። ለእናት በር ክፈቱላት። ግን ከማዘዛችሁ በፊት ልጁን ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። እኔም ገና ዛሬ ነው የጠየቅኩት።"

መብራቷ ቀልታ ነበር፤ ማንም አላቋረጣትም። ቤቷ ሁልጊዜ ስለሚቀዘቅዝ ቆንቋና እያልን ስንስቅባት የኖርን እኛ ነን፤ ምክንያቱን ለማንም ነግራ አታውቅም። በዕድሜዬ እንደዚያች ቅጽበት በእህቴ ኮርቼ አላውቅም። ስተረጉምላት አንድም ቃል አልቆረጥኩም።

ሰብሳቢዋ ሌላ የሚናገር እንዳለ ጠየቁ። ልጁ ተነሥቶ መጣና እናቱ አጠገብ ተቀመጠ። ስናወራው እንግሊዝኛ እየቀላቀለ የሚመልስልን ልጅ፣ እናቱ እንድትሰማ በዚያ ስብርብር ባለ አማርኛው ጀመረ።

"ጤና ይስጥልኝ። ልጆቻችሁ ደኅና ናቸው?" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አክስቴ፣ እንዳታሳጥሪ" አለኝ። "ይቺ እናቴ ናት። ታምሜ የነበርኩት እኔ ነኝ።"

ከዚያ ሕጉን ተቃወመ። በካቴና መወሰድ ምን እንደሆነ፣ ያን ቀን ማንም "ምን ሆነህ ነው?" እንዳላለው ተናገረ። እህቴ የመጣችበትን ጉዳይ በሚያፈርስ በእያንዳንዱ ቃል ራሷን በአዎንታ እየነቀነቀች አዳመጠችው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጁ ከቤት ይወጣል ወይስ ይቀራል፣ መጠየቅ ፈራሁ። እሷም አልጠየቀችውም። ሞንትቤሎ ደርሰን በሩን ስትከፍት ልጁ ቀድሟት ገባና ማሞቂያውን ከፍ አደረገ። ጃኬቱን አውልቆ ሰቀለ።

"ማማ፣ እንዳትነኪው" አላት። "እራት ምን አለ?"