ሁለት ሹራብ

አባቴ ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰበታ አዲስ አበባ እየወሰድኩት ደሙ በማሽን ይታጠብ ነበር። ደሙ በቱቦ ከክንዱ ይወጣል፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቱቦዎች በታጨቁበት ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ቆሻሻውን እዚያ ላለው ማጠቢያ ፈሳሽ ትቶ ይመለሳል። ሽንት ስለማይወጣው የጠጣው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል፤ እሱንም የሚስብለት ማሽኑ ነው። ምን ያህል እንደሚሳብ የሚወሰነው በሚዛን ነው። ካለፈው ጊዜ የጨመረው ኪሎ ውሃ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ክረምት በገባ ሰሞን አንድ ማለዳ አባቴ ከሸሚዙ ስር ሁለት ወፍራም የሱፍ ሹራብ ደረበ። ሸሚዙ ሰፍቶት ስለነበር አላስቸገረውም።

"በርዶህ ነው?" አልኩት።

"ጎረቤታችን ታክሲ ውስጥ 'ኦቦ፣ ኮቱን ብቻ ነው እንዴ የላኩት?' ብሎ ሰው አሳቀብኝ" አለ።

ሚዛኑ ጋ ስንደርስ እንደ ወትሮው ኮቱንና ጫማውን ብቻ አወለቀ። ነርሷ ቁጥሩን አይታ፣ "አባባ፣ ዛሬስ ውሃ ጠጥተዋል!" አለች።

"ሥጋ ነው ልጄ። ትናንት ገንፎ በላሁ።"

"የገንፎውን ቤት ይጠቁሙንና!" አለ ሚዛኑ አጠገብ ካለው አልጋ ላይ የተኛው ታማሚ። ክፍሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ፤ ሲስቅ ካየሁት ወራት አልፈው ነበር።

መናገር ነበረብኝ። ሰው ፊት አፌ አይፈታም፤ ዩኒቨርሲቲም አራት ዓመት ሙሉ እጄን ሳላወጣ ነው የጨረስኩት። ግን የዚያን ቀን ዝም ያሰኘኝ ዓይናፋርነቴ ብቻ አልነበረም፤ ያንን ሳቅ መንጠቅ አቃተኝ። ሹራብ ምን ይመዝናል አልኩ።

ማሽኑ ከተገጠመለት በሦስተኛው ሰዓት ላይ ደጋግሞ አዛጋ። "እግሬን ያዘኝ" አለ። ከዚያ ግንባሩን ላብ አጠመቀው፤ ዓይኑ ወደ ላይ ተገለበጠ። ማሽኑ ጮኸ። ነርሷ ሮጣ መጥታ ውሃ መሳቡን አቆመች፤ እግሩን ከፍ አድርጋ ጨው ያለበት ፈሳሽ ለቀቀችለት።

"ኪሎውን በትክክል ነው ያየሁት" ትላለች። "ምን አጠፋሁ?"

"ሹራብ ለብሷል" አልኩ። አልሰማችኝም። ደገምኩት። "ከሸሚዙ ስር። ሁለት።"

የሸሚዙን ቁልፎች ፈታች። ማንም አልሳቀም።

ነፍሱ ተመለሰች። ሹራቦቹን ግን ልያዝልህ ብለው አልሰጠኝም፤ እስከ ሰበታ ጭኑ ላይ ይዟቸው ሄደ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሚዛኑ ፊት ቆሞ ሹራቦቹን አንድ በአንድ እያወለቀ አቀበለኝ። በካኔተራ ቀረ። የገንፎው ቀልደኛ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነበርኩ።