አስተማሪዬ ድንች የጠበሰችበት ረቡዕ

ባለፈው ወር እዚሁ ኦሮራ ከተማ፣ በልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ አንዲት ፊቷ ደግ የሆነ ሴትዮ ከቦርሳዋ አንድ ጥቅል ኩፖን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ዘረጋችው። የላከው አንድ የበርገር ቤት ነው፤ መጽሐፍ አንብቦ ለጨረሰ ልጅ ሁሉ አንድ የልጆች ምሳ በነጻ፣ ከነመጫወቻው። ተራዬ ደርሶ አንዱን ሳነሳ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የቀለም ሽታ ብቻ ነበረው። አፍንጫዬ የፈለገው ግን ሌላ ነበር፤ አንዴ ልብስ ውስጥ ከገባ በሳሙና የማይለቀውን፣ በረዶ ላይ እንኳ ሰውን እየተከተለ የሚሄደውን የድንች መጥበሻ ዘይት ሽታ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ የእናቴ ሽታ እሱ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ካለ አሮጌ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ። አባቴ ዳውንታውን፣ መሀል ከተማ፣ ከአንድ ሆቴል ሥር ባለ ፓርኪንግ ይሠራል። እናቴ አስካለ አዲስ አበባ ሳለች ጸሐፊ ነበረች፤ የታይፕ መኪናውን ሳታይ፣ ከሰው ጋር እያወራች የምትመታ። እዚህ በመጣን በአራተኛው ወር ከትምህርት ቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ያለ በርገር ቤት ቀጠራትና ቡናማ ሸሚዝ፣ ቀይ ባርኔጣ የደፋ ድብ የተሳለበት ቆብ፣ እንዲሁም «አስካ» የሚል የደረት ስም ሰጣት። የመጨረሻዋ ፊደል ቦታ አጥታ ይሁን ማናጀሩ ሰንፎ፣ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ቤት እንደገባች ዩኒፎርሟን አውልቃ፣ ሽታው ይውጣለት ብላ በረንዳ ላይ ትሰቅለዋለች። በረዶ የጣለ ለት ጠዋት ስናየው እንደ ሳንቃ ደርቆ፣ እጆቹን ዘርግቶ እንግዳ የሚቀበል ይመስላል፤ አባቴም ቆቡን አንስቶ «እንዴት አደርክ ጌታው!» ይለዋል፤ እኔና እናቴ በየቀኑ እንደ አዲስ እንስቃለን።

ያው ድብ እኛ ክፍልም ነበር። በአራተኛ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በርገሩን አቅፎ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል በሚደርስ ወረቀት ላይ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ከእግሩ ሥር የሁላችንም ስም ተደርድሯል፤ አንድ መጽሐፍ ያነበበ ልጅ ከስሙ ጎን አንዲት የማር ማሰሮ ይለጠፍለታል፣ አምስት ማሰሮ የሞላለት ደግሞ ኩፖን ይወስዳል። ለጣፊዋ አስተማሪያችን ሚስስ ሃርፐር ነበረች፤ ረዥም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ መጽሐፍ ስታነብልን የእያንዳንዱን እንስሳ ድምፅ የምታወጣ፣ እኛን የምትወድ ሴት። እመቤት የሚለው ስሜ ስላስቸገራት ኤሚ ትለኛለች። እኔ መጀመሪያ ላይ መጽሐፍ የምመርጠው በውፍረቱ ነበር፤ ቀጭን የሆነውን፣ ሥዕል የበዛበትን፣ ማሰሮ ቶሎ የሚያስለጥፈውን። ግን ሳይታወቀኝ ሥዕሉን ትቼ ፊደሉን መከተል ጀመርኩ፤ አንድ ቀን ውፍረቱን ሳላይ ያነሳሁትን መጽሐፍ አውቶቡስ ውስጥ ጨርሼ ቀና ስል ሰፈሬን አልፌ ሄጃለሁ። የማር ማሰሮዎቼ ከሁሉም ልጅ በለጡ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ተንጫጫባት። ሚስስ ሃርፐር መጽሐፏን ዘጋችና መነጽሯን አውልቃ፣ «አንብቡ ልጆች፤ ካላነበባችሁ ዕድሜ ልካችሁን ድንች ስትጠብሱ ነው የምትኖሩት» አለችን። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ድቡ ከጀርባዋ በርገሩን እንዳቀፈ ነው፤ ሽልማቱም ማስፈራሪያውም ከአንድ ወጥ ቤት መምጣቱ ለማንም አልታየም። በክፋት ያለችው አይደለም፤ አሁን ልጅ ሳሳድግ ይገባኛል፣ የደከማት ሰው ነበረች። እኔ ግን ያን ቀን ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቤት ስሄድ በበርገር ቤቱ በኩል ማለፉን ትቼ በጀርባ ባለው መንገድ ዞርኩ።

በሳምንቱ አጠገቤ የምትቀመጠው ብሪያና እናቴ ምን እንደምትሠራ ጠየቀችኝ። «ኦፊስ ነው የምትሠራው፣ ዳውንታውን» አልኳት። በማግስቱ ፎቅ ጨመርኩበት፤ በወሩ የእናቴ ኦፊስ ተራራው ሁሉ የሚታይበት ትልቅ መስኮት ነበረው፤ ሚስስ ሃርፐር ስትጠይቀኝም ያንኑ ደገምኩላት። ውሸት ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ለወላጅ የሚልከውን የጥሪ ወረቀት ሁሉ እቤት ሳላደርስ ከአፓርትመንቱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ያለ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ፣ ከማድረቂያው ብናኝ ሥር እቀብር ጀመር። ኩፖኖቼንም ካልሲ መሳቢያዬ ውስጥ ደበቅኳቸው፤ ሄዶ መብላት እናቴ ፊት መቆም ነውና።

ከሁሉ የከፋው የመጣው ከዚያ ነው። አንድ ቀን እናቴ ፀጉሬን እየሠራችልኝ፣ «ያንቺ ክፍል ልጆች ኩፖን ይዘው ይመጣሉ፤ ላንቺ አይሰጡሽም እንዴ?» አለችኝ። «እኔ ገና ነኝ» አልኳት። እጇ ፀጉሬ ላይ ትንሽ ቆመ። «ግድ የለም» አለች፣ «ቋንቋው አዲስ ስለሆነብሽ ነው። ቀስ ብሎ ይመጣል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ከቆመችበት ሥራ መጥታ፣ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ፣ «በይ ትንሽ አንብቢልኝ» ትለኛለች፤ እኔም ያልቻልኩ ለመምሰል ሆን ብዬ እየተንተባተብኩ አነብላታለሁ፤ እሷም «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ትለኛለች።

ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ አምስተኛ ክፍልንም ያስተማረችን እሷው ሚስስ ሃርፐር ነበረች፤ ድቡም ከነማሰሮው አብሮን አለፈ። አንድ ቀን ቢጫ ወረቀት ታደለን። ረቡዕ አመሻሽ ላይ አስተማሪዎቻችን ሽርጥ አድርገው በርገር ቤቱ ውስጥ ያስተናግዳሉ፤ ከሽያጩ ጥቂቱ ለቤተ መጻሕፍታችን ይሰጣል። ወረቀቱን እንደ ልማዴ ቀበርኩት። ቤት ስገባ ግን እናቴ ፊቷ በርቶ፣ «አስተማሪሽ እኮ እኛ ጋ ልትመጣ ነው! ማናጀሩ እኔን ነው ድንቹ ጋ ያደረገኝ፣ እንዳሳያቸው» አለችኝ። ረቡዕ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ አልኩ። አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ ነበር። ግንባሬን ዳሰሰና፣ «ትኩሳት የለሽም፤ ጃኬትሽን ልበሺ» አለኝ።

በርገር ቤቱ ጢም ብሏል። ዳይሬክተራችን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ውጭ ከተሰለፉት መኪኖች ትእዛዝ እየተቀበለ ይጮኻል፤ የስፖርት አስተማሪያችን አይስክሬም እያፈሰሰ ነው። ረቡዕ ለእኛ ጾም መሆኑን ያዘጋጁት ሰዎች ከየት ይወቁት! የሐበሻው ሰልፍ በሙሉ የሚያዘው ድንች ብቻ ነው። ከታች ቤት የሚኖሩት እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አስተካክለው በባንኮኒው ላይ ጎንበስ አሉና፣ «አስካለ፣ ይሄ ዘይት ዶሮ ነክቶታል?» ሲሉ ጮኹ። እናቴም ከጀርባ፣ «የድንቹ ዘይት ለብቻው ነው፤ ይብሉ እትዬ፣ በእኔ ይሁን!» አለቻቸው። ሰልፉ በእፎይታ ወደፊት ተገፋ።

ሚስስ ሃርፐር መጥበሻው ጋ ነበረች፣ ቆቡ አናቷ ላይ ተንጋዶ። የመጥበሻው ሰዓት ይጮኻል፣ እሷ የትኛውን ቅርጫት እንደምታወጣ ጠፍቷታል፤ ሁለቱ አርረዋል። እናቴ ከአጠገቧ ቆማ እጇን ይዛ ታሳያታለች፤ ቅርጫቱን አንስቶ ማንጠፍጠፍ፣ ሁለቴ መነቅነቅ፣ ጨውን ከላይ መበተን። የእናቴ ጣቶች እሷ ሳታይ ነው የሚሠሩት። ሚስስ ሃርፐር ሦስተኛውን ቅርጫት፣ በረዶው እንደተጣበቀበት፣ ዘይቱ ውስጥ ልትለቀው ስትል እናቴ «ኖ፣ ኖ!» ብላ በግራ ክንዷ ወደ ኋላ ገፋቻት። ቅርጫቱ ግን ከእጇ አምልጦ ገባ፤ ዘይቱ ፈነዳና የእናቴ ክንድ ላይ ተረጨ። እናቴ ቧንቧ ሥር ይዛው ትንሽ ቆየችና፣ እንደገና ሰዓቱ ሲጮኽ ተመለሰች። ሚስስ ሃርፐር ያን ክንድ ስታየው አየኋት፤ ከአዲሱ ቃጠሎ በላይ አሮጌዎቹ ነጫጭ ሆነው ተደርድረዋል።

ከዚያ ቀና ስትል እኔን አየችኝ። «ኤሚ! መጣሽ! እናትሽስ የት አለች? ዳውንታውን የምትሠራዋ እናትሽ፣ ዛሬስ ልተዋወቃት ነው!» አለችኝ።

እናቴ ሰማች። እንግሊዝኛዋ ብዙ ባይሆንም ለዚህ ይበቃ ነበር። አየችኝ። አባቴ ከኋላዬ ክራቫቱን ያስተካክላል። እናቴም ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች፤ ፊቷን ወደ ጨው መነስነሻው አዞረች፣ እንደማታውቀኝ ሰው። ልታሳልፈኝ ነው። ልጇ እንዳታፍር ብላ፣ እዚያው በቆመችበት እናትነቷን ልትደብቅልኝ ነው።

«እሷ ናት» አልኩ፣ ጣቴን ቀስሬ። «እናቴ እሷ ናት።»

የሚስስ ሃርፐር ፊት ከአንገቷ ጀምሮ ቀላ። ድንች ስለመጥበስ ያለችው ትዝ እንዳላት አውቃለሁ። እጇን ሽርጧ ላይ ጠርጋ የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና፣ «ልጅሽ ከክፍሌ ሁሉ የምትበልጥ አንባቢ ናት። ስንት ጊዜ ጥሪ ላክንልሽ፣ ይህን ልነግርሽ ፈልጌ ነበር» አለቻት። ቃል በቃል የተረጎመላት አባቴ ነው። እናቴ ስለ የትኛው ጥሪ እንደሆነ አልጠየቀችም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዞር አለችና፣ «አይ አም ሶሪ» አለች ለአስተማሪዬ፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው።» ከዚያ ሰዓቱ ጮኸ።

ሺፍቷ ሲያልቅ ሦስታችን በእግር ወደ ቤት ሄድን። የምትቆጣኝ መስሎኝ አንድ ብሎክ ሙሉ ከአባቴ ኋላ ኋላ ሄድኩ። ክንዷ በፋሻ ታስሯል። መብራት ላይ ስንቆም፣ «ታዲያ ስታነብቢልኝ ለምን ትንተባተቢ ነበር?» አለችኝ። አለቀስኩ። እሷም መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ጠብቃ፣ «ቀጣዩ ጥሪ መቼ ነው?» አለች።

በማግስቱ ሚስስ ሃርፐር ክፍሉ ፊት ቆማ ሁለት ቅርጫት ድንች እንዳሳረረች ነገረችን። ልጆቹ ሳቁ። አብራን ሳቀችና፣ «አንድ ጊዜ ስለዚያ ሥራ የማይሆን ነገር ነግሬያችኋለሁ። ተሳስቼ ነው» አለች። ትልቅ ሰው፣ ያውም አስተማሪ፣ ልጆች ፊት ተሳሳትኩ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ አልሰማሁም። በሁለት ሳምንቱ በወላጆች ቀን እናቴ ከሥራዋ በቀጥታ፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጣች። በትንሿ ወንበሬ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣ የማር ማሰሮዎቼን በጣቷ አንድ በአንድ ነካች። ብሪያና ሽታው ድንች እንዳስመኛት ነገረችኝ።

የዛሬ ወሩ ስብሰባ ላይ ኩፖኑ ይቅር ካሉት ጋር እጄን አወጣሁ፤ ላነበበ ልጅ መጽሐፍ ይሰጠው ተብሎ ተወሰነ። ለምን እንደሆነ እንድናገር ሁለት ደቂቃ ቢሰጡኝ፣ ይህ ሁሉ በሁለት ደቂቃ አልገባ ብሎኝ «ልጆች ለመጽሐፍም ይሮጣሉ» ብዬ ተቀመጥኩ። በርገሩ አይቆጨኝም። ያ ቤት ፈርሶ ጎማ መሸጫ ከሆነ ቆይቷል፤ እናቴም ከዚያ ወጥታ፣ ተምራ፣ አረጋውያን ስትንከባከብ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ከወረቀት የተሠራ የበረዶ አክሊል ደፍቼ የዘመርኩበት ምሽት ነበር፤ ከመድረኩ ላይ የወላጆቹን ወንበሮች አይቼ፣ እናቴ አለመኖሯን አረጋግጬ፣ ደስ ብሎኝ ነው የዘመርኩት። ያ ምሽት አይመለስም። እንደሱ ያሉ አምስት ወይም ስድስት ናቸው፤ የእሷ የነበሩ፣ ብናኝ ሥር የቀበርኳቸው።

ባለፈው ሐሙስ ልጄ ከክፍሏ ጋር ልትዘምር ነበር። እናቴ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ካፖርቷን ለብሳ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አጣደፈችን፤ ስንደርስ የትምህርት ቤቱ በር ገና አልተከፈተም። ፓርኪንጉ ባዶ ነው፣ ከተራራው በኩል ነፋስ ይመጣል። ልጄ «ግራንድማ፣ ዊ አር ሱፐር ኧርሊ!» ብላ በጣም ቀድመን በመምጣታችን አጉረመረመች። «ይሁን» አለቻት እናቴ፣ «ፊት ለፊት ያለው ወንበር እንዳይያዝብን ነው።» ክንዷን ይዤ አጠገቧ ተጠጋሁ። በሩን ሊከፍት የመጣው ሰውዬ በመስታወቱ ሲያየን ሳቀና፣ ከሰዓቱ በፊት አስገባን።