ጤፍ ውስጥ ያደረችው የሞስኮ መጫወቻ

ይሄ የሆነው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው እዚሁ ነቀምት ነው። ሌንሴን ባየኋት ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን ያስቀኛል። ፊደል ስለማልቆጥር የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ እንዳታሳምሪብኝ ብያታለሁ።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ታደሰ ሞስኮ እርሻ ተምሮ መጣና እኛ ቤት ተቀመጠ። መዳፍ የምታክል መጫወቻ ይዞ ነበር፤ ዛሬ ልጆቹ ጌም የሚሉት። መስታወቷ ላይ ዶሮዎች እንቁላል ይጥላሉ፣ ቁልፏን እየተጫኑ በቅርጫት መቅለብ ነው።

ታደሰ ከነቀምት ወጣ ብሎ ኡኬ ላይ ሌንሴ የምትባል ልጅ ወደደ። አባቷ ኦቦ ፈዬራ እግራቸውን ያማቸዋል፣ ከቤት አይወጡም። ታደሰ ምን እንዳስቸኮለው እንጃ፣ "ለአባትሽ ቁጭ ብለው የሚጫወቱበት ማሽን አለኝ" አላት። አባትየው ሲሰሙ፣ "ከውጭ የመጣ ሁሉ ወሬኛ ነው። እስኪ ያምጣና እናያለን" አሉ። እንግዲህ ማሽኗ ካልደረሰች ልጅቷም የለችም።

ሽማግሌ ሊላክ ዋዜማው ላይ ግቢ ልብስ አጥባለሁ። ታደሰ እንቁላሉን እየቀለበ፣ ዓይኑን ሳይነቅል መጣና ሳፋዬ አደናቀፈው። ማሽኗ ሳሙናው ውስጥ ገባች።

"እትዬ፣ አለቀልኝ" አለ ራሱን ይዞ።

"ታጥባ ትወጣለች፣ ምን ያስለቅስሃል?" አልኩት።

መስታወቷ ጠቁሯል። ክረምት ነው፣ ፀሐይ የለም። ባትሪዋን አወጣሁና በቢላ ጫፍ ብሎኗን ፈታሁ። አረቄ እሸጥ ነበር፤ ጥጥ ነክሬ ሆዷን ሁሉ ጠረግኩላት። ታደሰ እላዬ ላይ ቆሞ "ቀስ በይ፣ ቀስ በይ" ይላል።

"አንተ የትራክተርህን ሥራ ሥራ" አልኩት።

ገጠምኳትና እርጥበቷን ይምጠጥላት ብዬ ጤፍ ውስጥ ቀበርኳት። ባለቤቴ "በቆሎው ውስጥ አድርጊያት" ቢለኝ፣ "የሞስኮ እንግዳ በቆሎ ይጋበዛል?" ብዬ ዘጋሁት።

ጠዋት ባትሪዋን ብንመልስላት በራች። ግን የቀኝ ቁልፏ አልጫን አለ። ስንነቀንቃት ሆዷ ውስጥ ይንሿሿል። ለካ ጤፍ የማይገባበት ቀዳዳ የለም! ባለቤቴ አየኝና ሳቀ። እንደገና እንዳልፈታት የሚወስደን መኪና በር ላይ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሽማግሌዎቹ ተሳፍረዋል። ሴት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም፤ እኔ "የእቃዋን ጠባይ የማውቀው እኔ ነኝ" ብዬ ወጣሁ። ታደሰ በመስኮቱ አጎንብሶ፣ "እትዬ፣ ከጠየቁ እሱ ነው ውሃ ውስጥ የጣላት በይ። እንዳትዋሺልኝ" አለኝ።

ኡኬ ደረስን፣ አካም አካም ተባባልን። ኦቦ ፈዬራ ማሽኗን ተቀብለው ይጫኑ ጀመር። በቀኝ የመጣው እንቁላል ሁሉ ይሰበራል። ተናደዱና ነቀነቋት። ጤፉ ጋቢያቸው ላይ ዝርግፍ አለ።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ኦቦ ፈዬራ ጤፉን በጣታቸው አንስተው አዩት።

"አዴ፣ ሞስኮ ጤፍ ይዘራል እንዴ?" አሉኝ።

አዎ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የታደሰ ነገር ያዘኝ።

"ኦቦ፣ ልጁ ሳፋ ውስጥ ጣላት። ጤፍ ውስጥ ያሳደርኳት እኔ ነኝ። እኔ እንኳን እዋሽዎት ነበር፣ እንዳትዋሺልኝ ብሎኝ ነው።"

 ኦቦ ፈዬራ ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

"ጋሪዳ፣ ደግ ነው" አሉ። "ወሬኛ ቢሆን ይሄን ይደብቅ ነበር። ደሞ ደጄን እህል ይዞ የገባ ሰው እንዴት ይመለሳል?"

እኛ ዘንድ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፣ መመላለስ አለበት። እሳቸው በዚያው ቀን እሺ አሉ። ትልቁ ሽማግሌ ሊመርቅ ቢነሳ፣ "ቆይ እስቲ፣ እንቁላሉ ይወድቅብኛል" አሉት። ጤፉ ሲወጣላት ቁልፏ ተለቆ ነበር።

ሌንሴ ዛሬ እሷም አያት ሆናለች። "ሰው በከብት ይዳራል፣ እኔን በእፍኝ ጤፍ" እያለች ትተርበኛለች። እኔም ስንቱን ስዋሽና ስቀልድ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ባልዋሸሁት የመጣችው ግን ዛሬ ከወለድኳቸው ሁሉ ቀድማ በሬን ታንኳኳለች፣ "እትዬ፣ በልተሻል?" ትለኛለች። ብበላም አልበላሁም እላታለሁ።