ክብደቱን እንጂ ማንነቱን

አንድ ነገር እንዳለ የጠረጠርኩት የቤት ተጋሪዬ ሳህኔን አጥቦልኝ ሳገኝ ነው። ዶሐ፣ ናጅማ ሰፈር በተከራየናት ጠባብ ቤት አብረን ስንኖር እንኳን የኔን፣ የራሱንም ሳህን ውሃ አሳይቶ ነበር የሚመልሰው። ነርስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል እጄን ስታጠብ ስለምውል ቤት ስገባ ውሃ ያስጠላኛል ይላል። ያን ዕለት ግን ከሥራ ስገባ ድስቱ ተፈትጎ፣ ሳህኑ አብረቅርቆ፣ ዶሮ በሩዝ ተሠርቶ ጠበቀኝ።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ምን እሆናለሁ? ያላ፣ ሳይቀዘቅዝ ብላ» አለኝ ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክሎ። ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም ነበር።

እኔ ሲጨንቀኝ መቀመጥ አልችልም። ሩዙን ትቼ ስልኬን ይዤ በረንዳ ወጣሁና አዲስ አበባ ደወልኩ። አባቴ የልብ ሕመምተኛ ነው፤ ዶሐ ከመጣሁ ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር የምደነግጠው ስለ እሱ ነበር። እናቴማ ጉንፋን እንኳ የሚፈራት ሴት ናት። እህቴ አነሳች። አባዬስ ስላት ተኝቷል አለች። እማዬስ ስላት ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች አለች። ድምጿ ጎርንኖብኝ ምን ሆነሽ ነው ብላት ጉንፋን ነው አለችኝ። በማግስቱ ደወልኩ። አባዬ ተኝቷል፣ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ጉንፋኑ አልለቀቀኝም። አባቴ ሲብስበት እናቴ ከጸሎት ቤት እንደማትወጣ ስለማውቅ ነገሩ ይበልጥ ከበደኝ። «ሃሎ! አንድ ጊዜ ቀስቅሺውና ድምፁን ልስማ!» ብዬ ጮህኩባት። መስመሩ ተቋረጠ፤ ወይም ዘጋችው።

በዚያው ሰሞን ዓርብ ዓርብ ለሚሰበሰበው የአማኞች ኅብረታችን ስለ ሰማይ እንዳስተምር ተጠይቄ ነበር። ሥራዬ አውሮፕላን ጥገና ቢሆንም አራት ኪሎ የተማርኩት ፊዚክስ ነው፤ የልቤ ምኞት የከዋክብት ጥናት ነበር። ላፕቶፔን ስከፍት መጀመሪያ የሚመጣው ጠፈር ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ያነሳው የጋላክሲዎች ክምችት ፎቶ ነው። በክምችቱ ዙሪያ ቀጫጭን የብርሃን ቅስቶች ይታያሉ። የቤት ተጋሪዬ ሌንሱ ተቧጭሮ ነው እያለ ይቀልድብኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ፎቶውን ስከፍት «ውብ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። ያኔ ነው እውነተኛ ፍርሃት የያዘኝ።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ አለቃዬ ጠራኝና ቅዳሜ እንዳትመጣ አለኝ። ይህ ሰው እረፍት ሲጠየቅ «ኢንሻአላህ» ብሎ የሚያሰናብት፣ ከዚያም የሚረሳ ነው። እኔ ደግሞ አልጠየቅኩትም።

ኅብረታችን የሚሰበሰበው ኦልድ ኤርፖርት ሰፈር፣ አንድ ምድር ቤት ሳሎን ውስጥ ነበር። አውሮፕላን ጣሪያውን ሊነካ ሲደርስ ሰባኪም ዘማሪም ዝም ይላል፤ ያኔ ነው የኛ ሰው ወሬውን የሚቀጥለው። ጠረጴዛው ላይ አበባ የታተመበት ፕላስቲክ ተነጥፏል። ያንን ፎቶ ላፕቶፔ ላይ ከፍቼ አሳየኋቸው። ከዚያ ባዶ የሻይ ብርጭቆ አነሳሁና አንዷ አበባ ላይ አስቀመጥኩት።

«ከላይ ሆናችሁ በብርጭቆው ቂጥ አበባዋን እዩ» አልኳቸው። «ተለጥጣለች፣ ጎብጣለች። አበባዋ ግን ምንም አልሆነችም፤ ያጎበጣት መሃል የገባው ብርጭቆ ነው። ሰማይ ላይም እንዲሁ ነው። እነዚህ ቅስቶች ከክምችቱ ጀርባ፣ በጣም ሩቅ ያሉ ጋላክሲዎች ናቸው። ብርሃናቸው ወደ እኛ ሲመጣ ይሄ ክምችት መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። ክብደቱ ከባድ ስለሆነ ብርሃኑን በስበቱ ያጎብጠዋል። አንዱን ጋላክሲ ሁለት ሦስት ቦታ የምናይበት ጊዜ አለ፤ በተለያየ መንገድ ዞሮ ስለሚደርሰን።»

የኅብረቱ መሪ መንገድ የሚሠሩ መሐንዲስ ናቸው። ስለ ሳይንስ አፌን ስከፍት «የት ተጽፏል?» ብለው ሳያቋርጡኝ ቀርተው አያውቁም። ለእሳቸው ስል መልስ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ያን ቀን ግን በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ክብደቱን ስናሰላው» ብዬ ቀጠልኩ፣ «ከሚታየው እጅግ ይበልጣል። እዚያ ውስጥ የማይታይ ነገር አለ። መኖሩን የምናውቀው በዙሪያው ያለው ሁሉ ስለጎበጠ ነው።»

«ታዲያ የማይታየው ምንድን ነው?» አሉኝ መሪው፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብለው።

«አናውቅም። ክብደቱን እንጂ ማንነቱን አናውቅም።»

አውሮፕላን አለፈ። ሳሎኑ ተንቀጠቀጠ፣ ወሬ ግን የጀመረ የለም። ቀና ብዬ አየኋቸው። ሁሉም ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ጥለዋል። አንዲት እህት ብርጭቆዬን ወስዳ ሻይ ሞላችልኝ። የራሴን ትምህርት እየሰማሁ መርዶዬን አየሁት። አገር ቤት ያለ ሰው መርዶ ሲኖር ለሐዘኑ ባለቤት አይደውልም፤ ለወዳጆቹ ይደውላል፤ ወዳጆቹ ደግሞ እረፍቱን ጠብቀው ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ። ቅዳሜን ከአለቃዬ ለምነው የሰጡኝ እነሱ ናቸው። አባቴ ሞቷል።

አልጠየቅኳቸውም። ብጠይቅ ይዋሻሉ፤ አማኝ ሰው በኔ ምክንያት ይዋሻል። ከዚያ በላይ ግን እስካልጠየቅኩ ድረስ አባቴ በሕይወት ያለ ይመስለኝ ነበር።

ከዓርብ ከሰዓት ጀምሮ እግሬ አልቆም አለኝ። ሱቅ ልሂድ ስል የቤት ተጋሪዬ አብሬህ ልሂድ ይላል። ፀጉሬን ልስተካከል ስል እኔም ልስተካከል ይላል፤ መላጣ ነው። ተናድጄ «ልሸና ነው፤ እሱንም አብረን እንሂድ?» አልኩት። አልሳቀም። ቤት ተመልሰን ጥቁር ሸሚዜን ስተኩስ አይቶ ፊቱን አዞረ። እኔ በልቤ አባቴን እየቀበርኩ ነበር። ትምህርት ቤት በር ላይ ጃንጥላ ይዞ ሲጠብቀኝ፣ ስሸኝ አየር ማረፊያ ኮቱን አውልቆ ሲያለብሰኝ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ተሰናበትኩ። እናቴን እንዴት አድርጌ እንደማጽናናትም አሰብኩ። ወር ሳይሞላ ሄጄ አጠገቧ ልቀመጥ ወሰንኩ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሸሚዜን ለብሼ፣ ፊቴን ታጥቤ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። የኅብረቱ ሰዎች ገቡ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። መሪው አጠገቤ ተቀምጠው ትከሻዬን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ጌታ ያጽናህ። እናትህ ወደ ጌታ ሄዳለች። ድንገት ነው፤ ሕመም አላየችም።»

«አባቴ ለማለት ነው» ብዬ አረምኳቸው። አሁንም ሳስበው ያመኛል፤ መምህሩን እንደሚያርም ተማሪ ረጋ ብዬ «ተሳስተዋል፣ አባቴ ነው» አልኳቸው።

ሴቶቹ ጮኹ። የቤት ተጋሪዬ እያለቀሰ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈው። ደውሎ ኖሯል።

«ሃሎ» አለኝ አባቴ።

ደስ አለኝ። እናቴ መሞቷን በሰማሁበት ጠዋት፣ ያውም ገና እንባዬ ሳይወርድ፣ የአባቴን ድምፅ ሰምቼ ደስ አለኝ። እናቴን አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰናበትኳትም።

«ለምን ስልኩን አላነሳህም?» አልኩት እየጮህኩ። «ለምን አባዬ? ስንት ቀን ደወልኩ!»

«ድምፄን ሰምተህ ሐዘኑን ታውቃለህ ብለው ከለከሉኝ» አለ። «እህትህ አጠገብ ተቀምጬ እኮ ነበር። ቀስቅሺው ብለህ ስትጮህ እሰማህ ነበር።»