ማሩ እስኪቀዘቅዝ አልጠበቅሁም

ይህን እስከ ትናንት ድረስ ለማንም፣ ለነፍስ አባቴም ጭምር፣ ተናግሬ አላውቅም። ቦንጋ ውስጥ ለዓመታት የሬዲዮ ዜና ሠርቻለሁ፤ ያልተጣራ ወሬ አያወራም የሚል ስም አለኝ። በዚያ ስም ነው የሌላ ሰው ስም ያጠፋሁት።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የማር ማጣሪያ አዲስ መሣሪያ ተክሎ እንድዘግብ ጠራኝ። መሣሪያው ቧንቧ ላይ ተገጥሞ የሚያልፈውን ማር እፍጋትና የፍሰቱን ፍጥነት ይለካል። ውሃ የገባበት ማር እፍጋቱ ይቀንሳል፤ ፍሰቱም ይፈጥናል።

የዚያን ቀን የተለካው የጋሽ ወልዴ ማር ነበር። ጋሽ ወልዴ እዚያው ቦንጋ አካባቢ የማንኪራ ንብ አናቢ ናቸው፤ የንብ አናቢዎች ማኅበሩ አባላት የሚያመጡትን ማር ቀምሰው የሚቀበሉትም እሳቸው ነበሩ። ማራቸው ከመወፈሩ የተነሳ በቧንቧው አልወርድ ሲል ሠራተኞቹ አሞቁት። እፍጋቱ ወረደ፤ ፍሰቱ ፈጠነ፤ ውሃ በዝቷል የሚለው ቀይ መብራት በራ።

ጋሽ ወልዴ ሳቁ። «አንተ ጋዜጠኛ፣ ቅመሰው እንጂ! ምላስህ ለወሬ ብቻ ነው እንዴ የተፈጠረው?»

«እኔ የምዘግበው ልኬቱን ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

የመሣሪያው ባለሙያ ትርሲት ወደ ጎን ወሰደችኝ። «ሙቅ እኮ ነው። ሙቀት ብቻውን ማር ያቀጥናል። የሙቀት ማስተካከያውን ገና አላስገባሁም፤ ይቀዝቅዝና እንድገመው።»

አልጠበቅሁም። ለምን? የቀትር ዜና ደርሶ ነበር። ደግሞም ሁለት ምንጭ አለኝ አልኩ፦ እፍጋቱና ፍሰቱ። ሁለቱንም ያሳሳተው ያው አንድ ሙቀት መሆኑ ተነግሮኛል። ሰምቻለሁ። ሰምቼ ስማቸውን ጠርቼ፣ መሣሪያው ማራቸው ውሃ በዝቶበታል ማለቱን አነበብኩ።

በማግስቱ ትርሲት ደወለች። ማሩ ቀዝቅዞ ተለካ፤ ንጹሕ ነው። «አርመው» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? «ያልኩት መሣሪያው ያለውን ነው።» ይህ ቃል በቃል እውነት ነው። በእውነት መዋሸት እንደሚቻል ያን ጊዜ አወቅሁ፤ አውቄም ዝም አልኩ።

እሷ ለማኅበሩ ብትናገርም፣ «ሬዲዮ ሊዋሽ ነው?» ብለው ጋሽ ወልዴን ከማር ተቀባይነት አነሷቸው። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዲት ሴት የማራቸውን ክዳን ገልጣ አየችና፣ «የሬዲዮው ማር ነው?» ብላ አለፈች። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አዩኝና ክዳኑን መልሰው ገጠሙ።

ሰዓት አጠረኝ አልልም። መሣሪያውንም አልከስም፤ እሱ የቀረበለትን ለካ። ሙቅ መሆኑን የደበቅሁት እኔ ነኝ።

ትናንት ማንኪራ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «ለእኔ ነው እንዴ የምትነግረኝ?» አሉ። «እኔማ ማሬን አውቀዋለሁ። ለሰሙት ንገራቸው።»

ነገ በቀትር ዜና፣ ስማቸውን በጠራሁበት ሰዓት፣ እንዲህ ብዬ አነብባለሁ፦ የጋሽ ወልዴ ማር ውሃ አልነበረበትም፤ እኔም ይህን በማግስቱ አውቅ ነበር።

ይቅርታ የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።