የቀረሁበት ምክንያት

ተማሪዎቹ «ሪዝን ዋይ» ይሉት ነበር፤ ሲሰማም ደስ ይለዋል። ኮቱ ላይ ጠመኔ የማይጠፋ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። ከሰዋስው ሁሉ አብልጦ የሚወደው በ«ዘ ሪዝን ዋይ» የሚጀምረውን፣ «እንዲህ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው» የሚባልበትን ዓረፍተ ነገር ነው። እንዲያውም ሕግ አወጣለት። ከእሱ ክፍል የቀረ ተማሪ ወላጅ አምጣ አይባልም፤ የቀረበትን ምክንያት በእንግሊዝኛ ጽፎ ይመጣል፣ እሱ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል፣ በቃ፣ ነገሩ ያልቃል።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ጠረጴዛችን የተያያዘ ነው። ውሸታቸውን እያሳመርክላቸው ነው እያልኩ አበሽቀው ነበር። አያቱን በዓመት አራቴ የሚቀብር ተማሪ ነበረው፤ ሰውየው ግን ለቀብሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ግሱን ያርማል።

ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ በአንድ ወር ሦስቴ ቀረች፤ ሦስቴም ጻፈች። የመጀመሪያው ገጽ በቀይ ተጥለቅልቆ ነበር። ሦስተኛው ላይ አንድም ስህተት አልነበረም። «አየህ? ገባት!» ብሎ ደብተሩን አሳየኝ። እኔም ቀና ሳልል ጎበዝ ናት አልኩ። ያቺን ቃሌን ሳስባት እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

በሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት እናቷ መምህራን ክፍል መጣች። ልብስ ፋብሪካ ውላ ማታ የምትገባ ሴት ናት። ልጇ ከቤት ከጠፋች አራት ቀን ሆኗታል፤ ለፖሊስ አመልክታለች፣ ያልጠየቀችው ዘመድ የለም። በእጇ የያዘችውን የልጇን ደብተር ያገኘችው ፍራሽ ሥር ነው፤ እንግሊዝኛ ግን አታነብም።

«መምህር፣ ምን ብላ ነው የጻፈችው? እባክዎ ያንብቡልኝ።»

ተቀብሎ ገጹን ገለጠ። ከዚያ በቋንቋችን እየመለሰ ቀስ ብሎ አነበበላት። ሰኞ የቀረሁበት ምክንያት የእንጀራ አባቴ በሩን ቆልፎብኝ ስለነበር ነው። ሐሙስ የቀረሁበት ምክንያት ፊቴ አብጦ ስለነበር ነው። ወደ ሦስተኛው አለፈ። ትናንት የቀረሁበት ምክንያት መራመድ ስላቃተኝ ነው፤ ለእናቴ ያልነገርኩበት ምክንያት እሷንም እንዳይመታት ስለምፈራ ነው።

እናትየዋ ወንበሩን ተደግፋ ቆመች። አላለቀሰችም። ጣቷን ከሦስተኛው ጽሑፍ ግርጌ አሳረፈች።

«ይሄ ቀዩስ ምን ይላል?»

እኔን አየኝ። አቀረቀርኩ።

«በጣም ጥሩ ይላል» አላት።